የዓሣ እንቁላል በሁዳዴ

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝን እንቁላል አጠብኩት። ምን ላድርግ፣ ከገበያ የመጣ ነገር ሳይታጠብ ድስት አይገባም ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። አለቃዬ ሚስተር ቪቶ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የትራውት ዓሣ እንቁላል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ደሙን አውጪለት» አሉኝና ወደ ፊተኛው ሱቅ ወጡ። እኔም ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ሲመለሱ ያ የሚያበራ ብርቱካናማ እንቁላል ነጭ ሆኖ፣ ደንድኖ ጠበቃቸው።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት።»

ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሳህኑን አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የቧንቧ ውሃ ያደነድነዋል። ደሙ የሚወጣው በማንኪያ ጀርባ ቀስ እየተገፋ ነው። የቀረውን በወረቀት ፎጣ ታደርቂዋለሽ» አሉ። እኔ ተባረርኩ ብዬ ሽርጤን መፍታት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ሳህን ይዘው መጡ።

ሱቁ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከምኖርበት ሕንጻ በእግር የሚደረስ፣ ከወንዙም የማይርቅ። ከፊት ለፊት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና የጎማ ቦቲ ይሸጣል። ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል የእንቁላሉ ናት። ሥራውን ያገኙልኝ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፣ ዓሣ ማጥመድ ክፉኛ ይዟቸዋል። «ጥሩዬ፣ አንድ ጣሊያን ሰውዬ ሄልፐር ይፈልጋል። ኮል አድርጌለት ነገ ትምጣ ብሏል። ኢዚ ጆብ ነው» አሉኝ። ኢዚ የሆነው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ለሚያወሩት ለእሳቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «እንቁላል ቤት ነኝ» እል ነበር። የዶሮ ይመስላቸዋል። እኔም አላስተባብልም ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ስቲልሄድ የሚባለው ከትልቁ ሐይቅ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣ ትልቅ ትራውት ነው። ወንዝ ውስጥ የሌላ ዓሣ እንቁላል ሲንሳፈፍ ካየ ይውጠዋል። አጥማጁ የሚፈልገው መንጠቆ ላይ የሚቆይ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቀስ እያለ እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ የሚለቅ እንቁላል ነው። ዓሣው የሚመጣው ያንን ወተት ተከትሎ ነው።

እንቁላሉ ፈቃድ ካለው የዓሣ እርባታ ይመጣል። የሳልመን ዓሣ ፍሬው ትልቅ ነው፣ የትራውት ትንሽ። ደሙ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ጨውና ስኳር ይነሰነስበታል። ሌሎች እንዳይበላሽ ቦራክስ የሚባል የማይበላ ዱቄት ይጨምሩበታል፤ ሚስተር ቪቶ ግን ቦራክስ ከሱቃቸው ደጃፍ እንዳያልፍ ከልክለዋል። ሲደርስ የተወሰነ ፍሬ በመረብ ቁራጭ ላይ ይደረግና በሚለጠጥ ቀጭን ክር ይጠቀለላል። ቋጠሮ የለውም። ክሩን ደጋግሞ ጠምጥሞ መበጠስ ነው፣ ራሱን ይይዛል። እኔ ይህን በአንድ ሳምንት ለመድኩ። ሚስተር ቪቶ ጣቶቼን አይተው «ልብስ ሰፊ ነበርሽ?» አሉኝ። አልነበርኩም፣ ግን ደስ አለኝ።

ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሃው ምን ይመስላል?» ነው። ከዝናብ በኋላ ደፍርሶ ከሆነ ትልቅ ጥቅልል፣ ደማቅ መረብ፣ ብርቱካን ወይም አረንጓዴ። ውሃው ጠርቶ የወንዙ ድንጋይ የሚታይ ከሆነ ትንሽ ጥቅልል፣ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ፣ በትራውት እንቁላል። ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በደማቁ ላይ ነው። ጋሽ ታደሰ ለጠራ ውሃ ደማቅ ብርቱካን ካልሰጠሽኝ ብለው ስንት ቀን ተጨቃጭቀውኛል። «ጋሽ ታደሰ፣ የሚበሉት እርስዎ ነዎት ወይስ ዓሣው?» እላቸው ነበር።

የሚስተር ቪቶ ኩራት ግን ምላሳቸው ነበር። እንቁላሉ ደረሰ የሚባለው እሳቸው ሲቀምሱት ነው። አንዲት ፍሬ ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በላንቃቸው ደፍጥጠው ይተፏታል። ጨው ካነሰው ቶሎ ይሸታል። ከበዛበት እንደ ጎማ ይጠነክርና ወተት አያወጣም፤ ወተት የማያወጣውን ዓሣው ዞር ብሎ አያየውም። አባታቸው እንዲህ ነው ያስተማሯቸው። ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ከሩቅ እየነዳ የሚመጣው ለዚያ ምላስ ነው።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ጉድ ፈላ። የስቲልሄድ ዋናው የጸደይ ወቅትና የእኛ ጾም አንድ ላይ ነው የሚውሉት። ሚስተር ቪቶ ማንኪያውን ዘረጉልኝ፣ «ቅመሺና ተማሪ» አሉ። «አልችልም» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ የምቀምሰው ለአንቺ ቆሻሻ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ጾም ነው። እስከ ፋሲካ እንቁላል አፌ አይገባም፣ የዓሣም ቢሆን። ብተፋውም ያው ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እናቴም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትነካም ነበር» አሉና ማንኪያውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። «እሺ፣ እኔ እቀምሳለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

እኔ ግን ሳልቀምስ ማወቅ እፈልግ ነበር። ሳይቀምሱ መሥራት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቴ በሐኪም ትእዛዝ ስለማይጾም በሁዳዴ የሥጋ ወጥ እሠራለታለሁ፣ ጨዉንም በሽታው እለየዋለሁ። ብዙ የአገሬ ሴት እንዲሁ ናት። የዓሣ እንቁላል ሽታ ግን ስለ ጨው ምንም አይናገርም። ስለዚህ ዓይኔንና ጣቴን ማሠልጠን ያዝኩ።

ጨው ሲነካው ፍሬው መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል። ይኮማተራል፣ ሳህኑም ፈሳሽ ያቁራል። ከዚያ ያወጣውን መልሶ ይጠጣል። ምን ያህሉን እንደጠጣ ሳህኑ ላይ ከቀረው ፈሳሽ መስመር ይታያል። በመጨረሻ አንዱን ፍሬ በሁለት ጣት መሃል ይዞ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ተመልሶ ከተነፋ ደርሷል። ጣት ላይ ከተለጠፈ ገና ነው። እንደ ጠጠር ከገፋ በዝቶበታል።

ይህ በእኛ መሃል ጨዋታ ሆነ። እኔ ተጭኜ «ገና ነው» እላለሁ፣ እሳቸው ቀምሰው «ገና ነው» ይላሉ። ሲገጥም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ ያደርጋሉ። ስሳሳት ደግሞ ሳቃቸውን ለደንበኛ ሁሉ ያሰሙታል። እንደዚያ እየተባባልን ዓመታት ሠራን።

ከዚያ በአንዱ የበረዶ ክረምት ክፉ ጉንፋን ያዛቸውና ለብዙ ቀን ጠፉ። ሲመለሱ ከስተው ነበር፣ ሥራቸው ግን ያው ነው። ፍሬውን ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ «ደርሷል» ይላሉ። እኔም ከሕመም የተነሱ ሰው አላስቸግርም ብዬ ጨዋታውን ትቼ፣ አምኜ እጠቀልላለሁ። የእሳቸው ምላስ ካለ ጣቴን ማን ይጠይቀዋል?

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። የቀረውን ጥቅልል በላስቲክ ይዘው በኋላው በር ገቡ። «ጥሩዬ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ሆል ዴይ ቆሜ አንድ ዓሣ አልነካውም። እንደ ማስቲካ ሆኗል እኮ!» ተጫንኩት። እውነትም ጠጠር ነው። በዚያው ሳምንት ሌሎችም መለሱ። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ ጨው አንሶት ፍሪጅ ውስጥ ሸተተ። የቆዩ ደንበኞች በሩ ላይ ሰላም ብለው ክርና መንጠቆ ብቻ ገዝተው መውጣት ጀመሩ። ሚስተር ቪቶ ያዩ ነበር።

አንድ ጠዋት ቡናቸውን ሲቀዱ አየኋቸው። ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ የሰነበተውን ወተት ነው የጨመሩበት። ወተቱ ስኒው ላይ ተቆራርጦ ይንሳፈፋል፣ ሽታው እኔ ካለሁበት ይደርሳል። እሳቸው በመስኮት እያዩ ፉት አሉት። ከዚያ ደግመው ፉት አሉት። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ከሕመሙ ወዲህ አይቀምሱም፣ አይሸታቸውም። እየቀመሱ የመሰለን ጊዜ ሁሉ እየገመቱ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከዚያች ክፍል በቀር የቀራቸው ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ። በዚያው ሰሞን ልጃቸውን በስልክ «ለሱቁ ገዢ ፈልግ፣ እጄ ደክሟል» ሲሉት ሰማሁ። እጃቸው ምንም አልሆነም ነበር።

ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። «ታዲያ አንቺ ያዢዋ! ቴክ ኦቨር አድርጊው። ሽማግሌውን ካውንተሩ ላይ አስቀምጪው፣ እንቁላሉን አንቺ ጨርሺው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ ለእኔ አስበው ነው። እኔም አልዋሽም፣ ሐሳቡ አንድ ሌሊት አብሮኝ አድሯል። ግን ሚስተር ቪቶን ከዚያ ጠረጴዛ አንስቶ ዋጋ መለጠፍ ላይ ማስቀመጥ ሰውየውን ቆመው እያሉ መቅበር ሆነብኝ። ደግሞስ እንዴት ይነገራል? በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ «ምላስዎ ሞቷል» ይባላሉ?

ሁዳዴ በገባ ሰኞ አዲስ እንቁላል መጣ። ደሙን አወጣሁ፣ አደረቅሁ፣ ጨውና ስኳሩን እሳቸው ነሰነሱ። ሰዓቱ ሲደርስ ማንኪያውን አነሱ።

«ሚስተር ቪቶ፣ ዛሬ ጾማችን ገባ» አልኩ።

«አውቃለሁ። አንቺ አትቀምሺም።»

«ዘንድሮ እርስዎም አይቅመሱ። አብረን እንጹም።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጡና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ወተቱን የጠጡ ቀን።»

«ሸትቶ ነበር?»

«በጣም።»

ሳቅ አሉ። «ሚስቴ የሠራችው የቲማቲም ሶስ አንድ ዕቃ ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ ነበረኝ። አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ከፈትኩት። ውሃ ነው የሆነብኝ» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው የወረቀት ፎጣ ያቀበሉኝ።

ከዚያ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ጣትዎን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ቀላል አልነበረም። ዕድሜ ልክ በምላስ የሠራ ሰው ጣቱን አያምንም። መጀመሪያ በኃይል ተጭነው ፍሬው መነጽራቸው ላይ ፈነዳ። አንድ ሙሉ ዙር ጣልን። በሁለተኛው ተናደው «ይሄ የዕውር ሥራ ነው!» ብለው በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ፣ ጃኬታቸውን ረስተው ስለነበር ብርዱ መለሳቸው። እኔም ልኩን አስቀድሜ አልነግራቸውም ነበር። ሳህኑን ያያሉ፣ ይጫናሉ፣ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ እኔ እጫናለሁ። ሐሳባችን ሲለያይ ሁለታችንም እንደገና እንጫናለን። በጾሙ አጋማሽ ገደማ በሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረውን ፈሳሽ አይተው «አሁን አትንኪው፣ ገና እየጠጣ ነው» አሉኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። ልክ ነበሩ።

ከዚያ ዙር ለጋሽ ታደሰ ምንም ሳልነግር ሰጠኋቸው። በማግስቱ ደወሉ። «ጥሩዬ፣ ሽማግሌው ተመልሷል! ወተቱ እንዴት እንደሚወጣ! ሁለት ይዤ አንዱን ወደ ውሃው ሪሊስ አደረግኩት። ይሄን የእኔ ነው እንዳትዪኝ!»

«የእኔ አይደለም፣ የእሳቸው ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ፋሲካ አልፎ ሥራ ስገባ ሚስተር ቪቶ ቀድመውኝ ገብተዋል። ያለ እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠሩት አንድ ሳህን የትራውት እንቁላል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠርዙ ደርቋል፣ ፍሬው ተነፍቷል። ማንኪያውን ዘረጉልኝ።

«ጾምሽ አብቅቷል አይደል? ቅመሺ።»

አንዲት ፍሬ ምላሴ ላይ አድርጌ በላንቃዬ ደፈጠጥኳት። ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም። እንደዚያ የፈራ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ ሚስተር ቪቶ። ከድሮውም አያንስ።»

ጀርባቸውን ሰጡኝና ስልካቸውን አወጡ። የደወሉት ለልጃቸው ነበር። «ገዢ መፈለጉን ተወው። አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውል» ብለው ዘጉት። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው የመረቡን ጥቅል ወደ እኔ ገፉ።

ከዚያ በኋላ እኔ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ አብረን ሠራን። አሁን ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። የእንቁላል መድረሱን በምላስም፣ በዓይንም፣ በጣትም መለየት ልመዱ። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው አንዱን ያጣ ዕለት ቦታውን ከመያዛችሁ በፊት ሌላውን አሳዩት።