መርዶ በስብሰባ አይነገርም

ባሌ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር፤ በማሽን ጩኸት መሀል እንኳ ሰው ያስቃል። በዚያ የፋብሪካ ስብሰባ ላይ ግን እውነቱን ዋጠው። ለምን እንደዋጠው እኔ አውቃለሁ።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ለወታደር ብርድ ልብስ የምንሠራበት ጊዜ ነው። በሰሜን ጦርነቱ ከፍቷል፤ ከሥራ የቀረ ሁሉ «አሻጥረኛ» ተብሎ ይከሰሳል። አሞኝ ነው ካለ የሐኪም ወረቀት አምጣ ይሉታል፣ ከሌለው እስር ቤት ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው መታመሙን በወረቀት ሲያስመሰክር! ባሌ ሁለት ቀን ቀረ።

የቀረው አንኮበር ሄዶ ነው። ቆስሎ ከግንባር የተመለሰ ወታደር የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ መሞቱን ሹክ አለው። እናትየው ከእኛው ጋር ሱፍ የሚያጥቡ፣ ከዚያ ልጅ ሌላ የሌላቸው አሮጊት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። መርዶ ደግሞ ዘመድ ባለበት፣ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ባሌ ወንድማቸውን ቄሱን ሊያመጣ ሄደ። እማማ ቄሱን ካዩዋቸው ይጠረጥራሉ ብለን እኛ ቤት ሸሸግናቸው። በማግስቱ ንጋት ልንነግራቸው ተቀጣጥረን ሳለ ስብሰባው ተጠራ።

ሰብሳቢው የት ነበርክ አለው። ባሌ ቀና ሲል እማማ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። አሞኝ ነው አለ። ወረቀት የለውም። ብድግ ብዬ እውነቱን ላፈርጠው ፈለግሁ። ግን እማማ ያንን መርዶ በካድሬ ፊት እንዴት ይስሙት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

ይኼኔ እማማ ተነሡ። ማንም አላስገደዳቸውም።

«ልጄ ብርድ ላይ ነው» አሉ። «አንተ ስትቀር የሚበርደው እሱ ነው። ይቀጣ።»

ተጨበጨበ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነዎት፣ እማማ» አለ። ከዚያው ወሰዱት። ቤቴ ገብቼ እርር ድብን አልኩ፤ እሳቸውን ልጥላ ብል ግን አልሆነልኝም።

ሊነጋጋ ሲል ከቄሱና ከጎረቤቱ ጋር ሆነን በራቸውን አንኳኳን። ጩኸታቸው ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ደረታቸውን ሲደቁ ቆይተው ወንድማቸውን ማን እንደጠራቸው ጠየቁ። ቄሱም ነገሯቸው። እማማ ማልቀሱን አቆሙና እኔን አዩኝ።

ለቀስተኛውን ትተው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ እጄን ይዘው እስር ቤት ወሰዱኝ። ዘበኛው ከቤተሰብ በቀር አይገባም፣ ለመሆኑ ምንዎት ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«ልጄ ነው» አሉት። «ሌላ የለኝም።»