ጋራዥ ሴል ላይ የወጣችው ዋንጫ

የኦስካር ሽልማት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ታስረዳኝ ነበር። ሐውልቱ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው አለችኝ። ያሸነፈው ሰው መሸጥ ቢያምረው ደግሞ መጀመሪያ ለሰጪዎቹ በአንድ ዶላር ማቅረብ አለበት።

«ታዲያ ምኑን ተሸለመ? የገዛ ዕቃዬን እኔ ካልሸጥኩት ማን ሊሸጥልኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ሳቀች።

ሙቀቱ ሲጀምር ዩለስ ከተማ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ የማይፈለግ የቤት ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡበትን ጋራዥ ሴል አወጣሁ። ከአሮጌ ድስትና ከጠበበ ጫማ ጋር አንዲት የፕላስቲክ ዋንጫ ደረደርኩ፤ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምን ትሠራለች ብዬ። ልጄ ስለ እኔ በሠራችው አጭር ፊልም ትምህርት ቤቷ የሸለማት ናት። ያኔውኑ «ዳዲ፣ ያንተ ናት» ብላ ሰጥታኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ዋንጫዋን አንስተው ዋጋ ሲጠይቁኝ ልጄ ወጣች። ዋንጫዋን አየች፣ እኔን አየች። ተመልሳ ገባችና አንድ ዶላር አምጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ለሰጪው» አለችኝና ዋንጫዋን ይዛ ገባች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትየዋ ግን ነገሩ አልገባቸውም።

«ምነው ቸኮልክ ልጄ፣ እኔ ሦስት እሰጥህ ነበር እኮ!» አሉኝ።