ዘይት ያፈሰስኩበት ጊታር

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ጀርመናዊ ናቸው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ ደህና አድርገን እንግባባለን። ድሮ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። ለስላሳውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ሄቪ ሜታል የሚሉት፣ ብረት በብረት የሚደበደብበት፣ መድረኩ ላይ እሳት የሚነድበት ነው። "እናቴ ሸክላችንን አንድ ጊዜ ሰማችው፤ ማጫወቻው ተበላሸ ብላ ነቀለችው" ብለው ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት አገር ላገር ሲዞሩ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተዉት።

እኔ ሥራቸውን የማውቀው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ሳይሆን ከገላቸው ነው። ሳጥባቸው ግራ ክንዳቸው ከላይ እስከ ታች የእሳት ጠባሳ ነው። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ባቡሩ ተቋረጠና ልጄ ከኦክላንድ በመኪናዋ አደረሰችኝ። ውሃ ልጠጣ ብላ ገባች፤ ፎቶውን አይታ ደርቃ ቀረች።

"እማ! እኚህ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?"

"ሽማግሌዬ ናቸዋ። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚወዱት።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ እማ!"

ጊታር የገዛሁላት ቸርች ከመዘምራኑ ጋር ትጫወታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ክፍሏን ዘግታ ስትቀጠቅጠው የኖረችው የሽማግሌውን ዓይነት ነው ለካ። ከዚያ ወዲህ እኔን ማድረስ ሰበብ ሆነ። እኔ ኩሽና ሾርባ ስሠራ፣ እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጊታር ያስይዟትና በሚንቀጠቀጥ ጣት እያሳዩ ያስተምሯታል።

አንድ ቀን ስንመለስ መኪና ውስጥ "እማ፣ ነርሲንጉን ድሮፕ አድርጌዋለሁ" አለችኝ። ሁለት ዓመት የተማረችውን! የሽማግሌው የድሮ ጓደኞች በሳቸው ቦታ የሚቆም ሰው እየፈለጉ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እሷን ጠቁመዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከጀርመን በቪዲዮ ሊሰሟት ነው። ከወደዷት ትሄዳለች።

ምን እላለሁ? ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ትምህርት ሳነሳባት "አንቺ የት ተማርሽና" አትለኝም፤ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ግን ያንኑ ይላል። እኔ የፈራሁት ያንን ክንድ ነው። ያንን ጆሮ። ልጅ አጥተው ባዳ የሚያጥባቸውን ያንን ሽማግሌ።

በኛ ቸርች የተጸለየበት ዘይት እንቀባለን። አዲስ ቤት ሲገባ መቃኑን፣ መኪና ሲገዛ መሪውን። ዲቪ ሲደርሰኝ ፓስፖርቴን ቀብቻለሁ። ዓርብ ዕለት ጠርሙሱን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጊታሩ ፊት ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ነገር ዝም አሰኝልኝ" አልኩ። በጣት ጫፍ ነበር የሚቀባው፤ ፍርሃት ልክ አያውቅምና በየቀዳዳው አፈሰስኩት።

ቅዳሜ ልጄ ጊታሩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካችው። ድስት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ተንጫጫና ጸጥ አለ። ደጋግማ ሞከረች፤ ጸጥ። ተሰማልኝ! ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጥሪው ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው፤ የሷ ጊታር ያለው ኦክላንድ ቤታችን። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ትንሽ ጠብቁኝ ልትላቸው ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች።

ሽማግሌው ጊታሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ሰላጣ ነው እንዴ የሠራሽበት?"

"ጸሎት ነው" አልኩ። መዋሸት አቃተኝ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ቢራ ፈሶበታል፣ ደም ነክቶታል፣ አንዴም ቤንዚን። ጸሎት ግን የመጀመሪያው ነው።" ሳቃቸው ሲያበቃ ከመሳቢያው ካቻቢቴ አውጥተው አቀበሉኝ። "ያፈሰሰ ያጽዳ። እኔ እጅ የለኝም።"

ብሎኖቹን ፈትቼ የጀርባውን ክዳን አነሳሁት። እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች ዘይት ውስጥ ተኝተዋል። በቁስል ማጽጃ አልኮልና በጆሮ ጥጥ እሳቸው የሚያሳዩኝን ሁሉ ጠረግሁ።

"ይቺን ቀይዋን ተጠንቀቂ፤ እሷ ከተበጠሰች ዛሬ የሚሰማ ነገር የለም" አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አውቀው ነው ያዞሩት።

ልጄ ከውጭ በእንግሊዝኛ ስትለምን ይሰማኛል። ፕሊስ፣ ፕሊስ። ሽቦዋ ጣቴ ሥር ናት፤ ጥፍሬ ይበቃታል። አልነካኋትም። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። በተጸለየበት ዘይት የራሰ እጄን ለተንኮል ማንሳት ፈራሁ። ልጄ አንድ ቀን ታውቅብኛለች ብዬም ፈራሁ። ክዳኑን መልሼ ብሎኑን አጠበቅሁት።

ስትጫወት መስኮቱ ነዘረ። ሽማግሌው ደህናውን ጆሯቸውን ወደሷ አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስክሪኑ ላይ የነበሩት ሦስት ሽበታም ሰዎች ስትጨርስ አጨበጨቡ። አንደኛው ከኋላ ቆሜ አየኝና የሆነ ነገር ጠየቃት።

"እማ፣ እናትሽ ትፈቅዳለች ወይ ነው የሚለው" አለችኝ።

ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የኔን ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት የለም። እነሱ ግን ጠበቁኝ። ሽማግሌውም ጠበቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳጥብም ስጠርግም የተለማመድኩትን "አይሆንም" ልል አፌን ከፈትኩ።

"አገሩ ይበርዳል?" አልኩ።

ልጄ ተረጎመችላቸው። ሁሉም ሳቁ፣ አንዱ ደግሞ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። እሺ እንዳልኩ ተቆጠረ። አላልኩም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ልጄ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች።