በሐምሌ የተሰማ ውቂያ

ተቀጥሬ በምሠራበት አረብ አገር በኢንተርኔት መደወል ክልክል ነው። ጽሑፍ ያልፋል፤ ተቀድቶ የተላከ ድምፅም ያልፋል፤ እየተያዩ ማውራት ግን የለም። በቪፒኤን ክልከላውን የሚያልፉ ጓደኞች ነበሩኝ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ የሰው አገር ሕግ ጥሼ ከምባረር ያለኝን ይዤ ልኑር አልኩ። ያለኝ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ከደባርቅ በወንድሜ ስልክ ቀድተው የሚልኩልኝ ድምፅ ነበር።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከብቱም ደህና ነው፣ እህሉም ደህና ነው።» ከዚያ ረጅም ምርቃት ይከተላል። ምርቃቱ ላይ አንድ ታቦት ከዘለሉ ልባቸው አያርፍም፤ ያንን ቅጂ ሳይልኩ አስቀርተው ከመጀመሪያው እንደገና ይቀዳሉ። እኔም የአሠሪዎቼን ልብስ ስተኩስ ደጋግሜ እሰማቸዋለሁ።

አንድ የሐምሌ እሑድ እንደዚያው እየሰማሁ ካውያውን አቆምኩ። ከአባቴ ድምፅ ኋላ በሬ የሚነዳ ሰው ይሰማል፤ ሰዎች እህል እየወቁ ያዜማሉ። ደባርቅ በሐምሌ ጭቃና ጉም ናት፤ ገብሱ ገና ቡቃያ ነው። ማን ምኑን ይወቃል? ድምፁ የበጋ ነበር።

ወዲያው በመደበኛው መስመር ለወንድሜ ደወልኩ። «አባባ ጃናሞራ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደዋል» አለኝ። ሌላ ቀን ስደውል ለፍልሰታ ሱባኤ ገብተዋል ተባልኩ።

እኛ ዘንድ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። «ብቻዋን ናት፣ ማን ይይዛታል?» ይባልና ዘመድ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህን ስለማውቅ የወንድሜን ሰበብ እንደ መርዶ ሰማሁት። አዘንኩ፤ ከማዘኔ ይልቅ ግን ተናደድኩ። ያ አገር እንኳ ሲከለክል «ይህ አገልግሎት ተከልክሏል» ብሎ ስክሪኑ ላይ ይጽፍልኛል። የእኔዎቹ ግን ከልክለውኝ ሲያበቁ ምርቃት ይልኩልኛል። ምርቃቱንም እየተናደድኩ መስማቴን አልተውኩም።

ፈቃድ እንዳገኘሁ መጣሁ። አውቶቡሱ ዳባት ሲቆም ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ እንደ ሐዘንተኛ ለበስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዩኝ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማንሽ ነው?»

«አባቴ» አልኳቸው። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ደባርቅ ድረስ እጄን አልለቀቁኝም።

ሰፈራችን ስደርስ ጎረቤቶች ነጠላዬን አይተው ደነገጡ። እነሱ ደግሞ መርዶ ይዤ የመጣሁት እኔ መሰልኳቸው፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ እያለቀሱ ተከተሉኝ። ወንድሜ ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ኧረ ምን ነካሽ?» አለኝ። «አባባ እኮ አሉ።»

አሉ። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት እንዲህ ሆነው ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። ወንድሜም ይህን ላለመንገር፣ አባቴ ታቦት ዘለልኩ ብለው ያስቀሯቸውን ቅጂዎች ከስልኩ እየፈለገ ይልክልኝ ኖሯል።

«ብቻሽን ሆነሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሄጄ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ። ነጠላዬን ትኩር ብለው አዩት። ለማን እንደለበስኩት ገባቸው። ሊናገሩ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን ከትከሻዬ ላይ ሳቡት። በአንድ እጅ አልመች አላቸው፤ ላግዛቸው ስል እጄን ገፉት። እየታገሉ አዙረው ጥለቱን ወደ ታች መለሱት።

የጎረቤቶቹ ለቅሶ በዚህ መሐል ቆሞ ነበር። የእኔ የመጣው ያኔ ነው።