ያልተከፈተው ሳጥን

ሰፈሩ «ጋሼ ሳጥኔ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሸክም ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላውን ሰው ዕረፍት ሲያምረው እሳቸውን ያማራቸው የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ሆነ። የሳሙና፣ የሚስማር፣ የስፌት መኪና፤ ከተዘጉ ዘመን ያለፋቸው የጥንት ፋብሪካዎች ማህተማቸውን በጋለ ብረት ያተሙባቸው የእንጨት ሳጥኖች። ሳሎኑ ሲሞላ ሳጥኖቹ መኝታ ቤት ገቡ። ባለቤታቸው፣ «ምነው እኔም ጀርባዬ ላይ ማህተም በኖረኝ! እንዲህ በዘይት ትወለውለኝ ነበር» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ከሁሉም የሚሳሱት ግን ለአንዱ ነበር፤ የፋኖስ መስታወት የያዘ፣ ከፋብሪካው ከወጣ ጀምሮ ያልተከፈተ። «እስቲ ይከፈት» ያለ ሰው ጠላታቸው ነው። እሑድ እሑድ ታናሽ ወንድማቸው ልብስ ሰፊው ይመጣና ሳጥኑን ቀስ አድርገው ዘንበል ያደርጉታል፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ውስጡ ቅጭልጭል ይላል።

«ወይ ድምፅ! መስታወቶቹ አሉ፣ ወንድም ጋሼ» ይላል ወንድምየው። ያቺ ቃል የሳምንት ስንቃቸው ነበረች።

አንድ ቀን ምስጥ በልቶት እንደሁ ለማየት ሳጥኑን ገለበጡት። የክዳኑ ሚስማሮች አራት ማዕዘን አናት ያላቸው የድሮዎቹ ናቸው። የሥሩ ግን ክብ፣ ከጥግ ሱቅ የሚገዛ የዛሬ ሚስማር። ሚስማሮቹን ነቅለው ሥሩን ከፈቱት። በባለ መስመር ሸሚዝ የተጠቀለለ ጡብ፣ ዙሪያውን የጠርሙስ ስባሪ። ሸሚዙን ያውቁታል፤ ለወንድማቸው የገዙለት ራሳቸው ናቸው። ጣሪያቸው ሲታደስ ሳጥኑን አደራ ያስቀመጡትም እሱው ቤት ነበር።

መስታወቱንስ ይሽጠው፤ ቸግሮት ይሆናል ብለው በልባቸው ጠበቃ ቆሙለት። አንጀታቸውን ያሳረረው ያ ጆሮ ነው፤ ስንት ዓመት የጠርሙስ ስባሪ እያዳመጠ አብሯቸው ሲደሰት የኖረው። ቢሆንም ራሱ ከተናገረ ይቅር ሊሉት ቆረጡ። ሳጥኑን ባዶውን መልሰው በሚስማር መቱት።

እሑድ መጣ። ጆሮውን ለጠፈ። ዘንበል አደረጉት። ጭጭ።

የወንድምየው ፊት ልውጥ አለ። አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ጋሼ ሳጥኔ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት፤ በልባቸው «በል እንጂ፣ ተናገር» እያሉ።

ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አሉ» አለ። «መስታወቶቹ አሉ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሸሚዙን፣ ታጥቦ ተተኩሶ፣ አምጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«እኔ ግን ምንም አልሰማሁም» አሉት።