መርሳ ያለ ተኩስ የተዘጋችበት ቀን

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የመርሳ ዋና መንገድ ሱቆች በሙሉ ተዘጉ። ተኩስ አልነበረም።

ለሥራ ከወልድያ መጥቼ አስፋልቱ ዳር ካለ ምግብ ቤት ዘግይቼ ምሳ እየበላሁ ነበር። ባለቤቷ ከጦርነቱ በኋላ ባዶ ግድግዳ ተረክባ እንደገና የከፈተች ሴት ናት። የምትተዳደረው በጭነት መኪና ሾፌሮች ነው። ከመሸ መንገዱ ስለማይታመን አሥር ሰዓት ላይ ደርሰው መርሳ ያድራሉ፤ እራታቸው እሷ ዘንድ ነው። የዚያን ቀንም ወጡን ጥዳ ትጠብቃቸው ነበር።

መጀመሪያ የተዘጋው ፊት ለፊት ያለው የጨርቅ ሱቅ ነው። እዚያ ሰፈር ለሶላት ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ነጋዴ በሩ ላይ ወንበር አጋድሞ፣ ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ነጋዴ ግን የብረቱን በር እስከ ታች አወረዱና በባጃጅ ሄዱ። ጎረቤታቸው ድምፁን ሰምቶ የራሱን ዘጋ። ቀጥሎ ያለው እሱን አይቶ ዘጋ። ፍራፍሬ ሻጮች ማንጎውን በማዳበሪያ ከረጢት እያፈሱ ሮጡ። ያገኘሁትን ሁሉ ምን ተፈጠረ ብዬ ጠየቅሁ። የሚያውቅ አልነበረም።

ሴትየዋ አልዘጋችም፤ በሩ ላይ ቆመች። መኪኖቹ በሰዓታቸው መጡና ጭር ያለውን መንገድ ሲያዩ ፍጥነት ጨመሩ። አንድ ደንበኛዋ በመስኮት እጁን አውጥቶ ወደ ወልድያ አመለከታትና አለፈ።

ነገ ይመለሳሉ አልኳት።

«አንዴ ካለፉ ማለፉን ይለምዱታል» አለችኝ፣ ድስቱን እያወረደች።

ነጋዴው ሊመሽ ሲል ተመለሱ። ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ የአክስታቸው ልጅ ሞታ ለቀብር ሄደው ኖሯል፤ ከድንጋጤ የተነሳ ለማንም አልተናገሩም። ጎረቤታቸው፣ «ሐጂ፣ ያለ ጥይት ከተማ ያዙ እኮ» ሲላቸው ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሳቸው ወደ ሴትየዋ ተሻግረው፣ «አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሏት።

«እርስዎ ምን አደረጉ?» አለቻቸው።

ነጋዴዎቹ ከዚያ በኋላ የሚዘጋ ሰው ምክንያቱን እንዲናገር ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ፤ ማንም ለማንም ሳይናገር ሁሉም ዘጋ። ሾፌሮቹ ማደሪያቸውን ወልድያ አድርገው ቀሩ።

ምግብ ቤቱ አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ሴትየዋ ወልድያ ከሰው ምግብ ቤት ተቀጥራ ታበስላለች። ይህን በስልክ ያረጋገጠችልኝ ራሷ ናት።