የወፍጮው ዲናሞ

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ሻይ ቤት ነበረኝ። መብራት ስላልነበረ የሸክላ ማጫወቻዬን ሞተር የማዞረው ከጎረቤቴ ወፍጮ ዲናሞ በሳብሁት ሽቦ ነበር። ወፍጮው እህል ሲበዛበት ዲናሞው ይደክማል፤ ሸክላው ይዘገያል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይጎተታል። ይህ ስላናደደኝ የትራክተር ባትሪ ገዛሁ። ሸክላው በልኩ ዞረ።

ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የወረዱት ደንበኞቼ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። አንዱ ወደ ሸክላው እያመለከተ «ይህን ሰውዬ ማን እያባረረው ነው?» አለኝ። ትክክለኛው ይህ እንደሆነ ባስረዳም የሚሰማኝ አልተገኘም። ሽቦውን ወደ ወፍጮው መለስሁት።

በዓመቱ ያው ሰው ተመልሶ መጣ። አገሩ ሳለ ዘፈኑን በሬዲዮ ሰምቶት ኖሮ፣ ሻዩን እያማሰለ «እነሱም ባትሪ ገዝተዋል» አለኝ።